ነገረ ጽማዌ ወጽማሜ

ልበ ብሩህ፥ አእምሮ ስፉሕ አንባቢ ሆይ፤ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ከሚሻቸው ሀብታት ሁሉ እጅግ የራቀውም እጅግ የቀረበውም የልብ ጸጥታ ነው። የራቀ ነው፤ ባሕር ቢሻገሩ፥ ተራራ ቢወጡ፥ ከዓለም ሸሽተው በዋሻ ቢሸሸጉ፥ ሁከቱን እንደ ስንቅ በጀርባው ተሸክሞ የሚሄደው ያው ሰውየው ራሱ ነውና። የቀረበም ነው፤ ማደሪያው ከደረት አጥንት በታች፥ ከእጅ መዳፍ በማትሰፋ ስፍራ ነውና። ቅዱሳን አበው ይህን ጸጥታ በልሳነ ግእዝ «ጽማዌ» ይሉታል፤ እኛ ዛሬ ጽሞና የምንለው ነው። ነገር ግን ቃል እንደ ዘር በወደቀበት ጆሮ ልክ ይበቅላልና፥ ይህች የከበረች ቃል በአንዲት የዋህ ልጅ ጆሮ ገብታ ምን እንዳበቀለች ብንተርክልህ፥ ፈገግታህን አትንፈጋት፤ ፍቅርህንም አትከልክላት።

ከእንዶድ ወንዝ በላይ፥ በወይራና በጽድ በተከበበች በአንዲት የሴቶች ገዳም፥ ወለተ ሐና የምትባል፥ ቃሏ ጥቂት ዕፍረቷ ብዙ የሆነ ወጣት በአመክሮ ትኖር ነበር፤ አመክሮ ማለትም የምንኩስናን ቆብ ከመቀበል አስቀድሞ ያለ የፈተና ዘመን ነው። ማደሪያዋ ከእማሆይ ብሥራት ጋር በአንዲት ጎጆ ሲሆን፥ ሥራቸውም ለቤተ መቅደሱ ጧፍ ማዘጋጀት ነበር፤ እማሆይ ጥጡን ይፈትላሉ፥ ወለተ ሐና ሰሙን አቅልጣ ክሩን ትነክራለች። እማሆይ ብሥራት ዓይናቸው የደከመ፥ ልባቸው የለመለመ፥ ከአንደበታቸው ማር የሚንጠባጠብ እናት ነበሩ፤ ችግሩ ማሩ አያባራም ነበር። ከንጋት እስከ ሠርክ ስለ ክሩ፥ ስለ ደመናው፥ አምና ስለ ሞተችባቸው ድመት ያወሩ ነበር። «ሐንዬ፥ ዝናብ ሊመጣ ነው መሰል፤ ጉልበቴ ነግሮኛል። የኔ ጉልበት እኮ ከባሕረ ሐሳብ አዋቂ ይበልጣል! አለሽ ወይ?» ይላሉ። «አለሁ፥ እማሆይ» ትላለች። «ካለሽማ ምን ቸገረኝ!» ይሉና ወደ ሌላው ጨዋታ ይሻገራሉ። ወለተ ሐና ግን ለጸሎት በቆመች ቁጥር፥ ልቧ ከአርያም ደጅ ሳይደርስ በዚያች ድመት ጅራት ተጠልፎ ይመለስባት ነበርና፥ «እንዲህ እየባዘንኩ ምን ፊት ይዤ ቆብ እቀበላለሁ?» እያለች በስውር ታነባ ነበር። እማሆይን ትወዳቸዋለች፤ ዝም ባሉላት ግን እንዴት በወደደቻቸው!

ክረምቱ በበረታ ጊዜ ዕፍረቷን አሸንፋ ወደ ገዳሟ መምህር፥ ወደ የኔታ ዘርዐ ዳዊት ሄደች። እኚህ አረጋዊ በትምህርት የሞሉ፥ በጥርስ ግን የጎደሉ ነበሩ፤ ድዳቸው ባዶ ከቀረ ወዲህ ሲናገሩ ከንፈራቸው ያለ ፈቃዳቸው እየተጋጠመ፥ «ወ»ን «መ» ያደርግባቸው ነበር። ነባሮቹ መነኮሳይያት ይህን ለምደው ቃላቸውን በልባቸው እያቀኑ ይሰማሉ (እኛም ከአንዲቱ ቃል በቀር አቅንተን ጻፍንላቸው)፤ እንግዳዪቱ ልጅ ግን አልለመደችም። ጭንቀቷን ባዋየቻቸው ጊዜ የኔታ ራሳቸውን በርኅራኄ እየነቀነቁ፥ «ልጄ፥ ጽማሜን ያዢ፤ ሌላው ሁሉ ይከተልሻል» አሏት። ጽማዌን ማለታቸው ነበር። ወለተ ሐና ከግእዙ ጥቂት ቀምሳ «ጽሙም» ማለት ደንቆሮ፥ «ጽማሜ»ም መደንቆር መሆኑን ታውቅ ነበርና ደነገጠች፤ ደግማ እንዳትጠይቅም ዕፍረት ያዛት። ምንም የማያውቅ ይጠይቃል፤ ሁሉን የሚያውቅ ያስተውላል፤ የሚስተው ግማሹን የቀመሰው ነው። እጅ ነሥታ ወጣች፤ ከጧፉም ሰም ቆንጥራ፥ በጣቶቿ አለስልሳ፥ ሁለቱን ጆሮዎቿን ደፈነች።

አቤት፥ የዚያች ዕለት ደስታዋ! ዝናቡ ያለ ድምፅ ይወርድ፥ እሳቱ ያለ ድምፅ ይነድ ነበር፤ የእማሆይም ከንፈር ሲንቀሳቀስ በሩቅ እንደሚታይ የዛፍ ቅጠል ሆነ። እርሷም ከትሕትና ጉድለት እንዳይቆጠርባት በየመካከሉ ራሷን ትነቀንቅላቸው ነበር፤ የደከመ ዓይን የራስ መነቅነቅን እንደማያይ አላሰበችምና። እነሆም የማታውቀው ነገር ይህ ነበር፤ ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ ለእማሆይ ብሥራት ወሬያቸው ምርኩዛቸው ነበር፤ ዕውር መንገዱን በበትር እንደሚዳስስ፥ እርሳቸውም በጨለማቸው ውስጥ ሰው መኖሩን በቃል ይዳስሱ ነበር። መልስ ባጡ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ቀጥሎ ዝቅ አደረጉ፤ በመጨረሻም ዝም አሉ። ወለተ ሐናም ከንፈራቸው እንዳረፈ አይታ፥ «ተመስገን፥ እማሆይም ጸጥታን ወደዱ» አለች።

ከዕለታት አንድ ቀን በጠዋት ከጸሎቷ ስትመለስ ጎጆዋ ባዶ ነበረች። የተፈተለው ክር ተጠቅልሎ በወለተ ሐና መደብ ላይ ተቀምጧል፤ የእማሆይ ነጠላና በትራቸው የሉም። ልጅቱ ሰሙን ከጆሮዋ ነቅላ «እማሆይ!» ብላ ተጣራች፤ የመለሰላትም ስትሻው የኖረችው ዝምታ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም ዝምታው ከጩኸት ሁሉ ይልቅ አስፈራት። እየሮጠች ከየኔታ ደጅ ደረሰች።

«ምነው ልጄ፥ ማለዳ በደጄ ስታልፊ ብጠራሽ ብጠራሽ ዘጋሽኝ?» አሏት።

«የኔታ፥ ጽማሜን ያዢ ስላሉኝ ጆሮዬን በሰም ደፍኜ ነበር።»

የኔታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ከዚያም የላይኛውን ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ከታችኛው አርቀው፥ በብዙ ትግል «ጽ... ማ... ዌ!» አሉ። «ዌ ነው ልጄ፥ ዌ! አይ ጥርሶቼ፥ ጥላችሁኝ መሄዳችሁ ሳያንስ ሰውም ታስታላችሁ?»

«እማሆይ ብሥራትን አይተዋቸዋል?»

የአረጋዊው ፊት ጠቆረ። «በዚህ አልፈዋል። ‹ልጅቱ ተቀይማኛለች፤ መልስ ከነሣችኝ ሰነበተች፤ ጎጆውን ለቅቄላት ማዶ ወዳለችው እኅቴ እሄዳለሁ› አሉኝ። የሚያሻግር ሰው የያዙ መስሎኝ ነበር። ሩጪ ልጄ፤ እንዶድ ሞልቷል!»

ወለተ ሐና ቁልቁለቱን እንደ ናዳ ወረደች። ወንዙ ደፍርሶ፥ ግንድና ድንጋይ እያላተመ ያገሳ ነበር፤ ጉሙም ዳርቻውን ሸፍኖ ከክንድ በላይ አያሳይም። «እማሆይ! እማሆይ!» ብላ እስክትዝል ጮኸች፤ ከራሷ ጩኸት፥ ከራሷ እስትንፋስ፥ ከራሷ ልብ ድለቃ በቀር አንዳች አልሰማችም። ያን ጊዜ፥ ጥበብ ሳይሆን ድካም አስገድዷት ቆመች። መጮኋን ተወች፤ እስትንፋሷን አሳረፈች፤ «ምን አደረግሁ፥ ማን ይፈርድብኛል» የሚለውንም የልቧን ሙግት እንደ ከባድ እንስራ ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። የቀረላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስማት። ወንዙም እንደ ቀድሞው አገሳ፤ ከግሣቱ በታች ግን፥ ከወደ ግራዋ፥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አንተ ወንዝ፥ እስኪ ቀስ በል! ስታወራ ሰው አታስተነፍስም እንዴ? እኔስ ቢሆን እንዲህ አላወራሁ!»

እማሆይ ብሥራት ናቸው። አንድ እግራቸው ከውኃው ገብቷል፤ በበትራቸው ጥልቁን እየፈተኑ፥ ሁለተኛውን እግራቸውን ሊያነሡ ነው። ወለተ ሐና ድምፁን ተከትላ ደርሳ በወገባቸው ያዘቻቸው፤ ሁለቱም በጭቃው ላይ ወደ ኋላ ወደቁ።

«ማነህ አንተ? ደሀ መነኵሲት ምን አላት ብለህ ነው?»

«እኔ ነኝ፥ እማሆይ፤ ወለተ ሐና ነኝ» አለች፥ እግራቸውን አቅፋ እያለቀሰች። «አልተቀየምኩም። ጆሮዬን በሰም ደፍኜው ነው።»

አሮጊቲቱ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። በእጃቸው ፊቷን፥ ቀጥሎም ጆሮዋን ዳሰሱ። «በጧፉ ሰም?»

«በጧፉ ሰም።»

«ወይ አምላኬ! ክር ብቻ ነው የቀረሽ፤ እሱንም ብትጨምሪ ኖሮ ለበዓል እናበራሽ ነበር!» ብለው ሣቁ፤ እየሣቁም አለቀሱ። «እኔ እኮ ልጄ፥ ወሬዬ መሮሽ ነው ብዬ ነበር።»

ወለተ ሐና መዋሸት አልወደደችም። «አንዳንዴ መሮኛል፥ እማሆይ። ቢሆንም ያለ እርስዎ ወሬ ጎጆዋ ቤት አትሆንልኝም።»

«እውነቱን ከነገርሽኝስ እታረማለሁ፤ በጸሎትሽ ሰዓት አንደበቴን እይዛለሁ» አሉ እማሆይ፤ ይህንም ቃላቸውን እስከ ዳገቱ ግማሽ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ በላይ ስለ ጭቃው፥ ስለ እኅታቸው ንፍገት፥ ስለ ወንዙም ክፉ ጠባይ እየተረኩ ወጡ፤ ልጅቱም ክንዳቸውን ደግፋ እያንዳንዱን ቃል ስትሰማ፥ በደረቷ ውስጥ ነፋስ ያላወከው ሰፊ ሐይቅ እንደ ተኛ ተሰማት፤ የዚህን ጸጥታ ስም ግን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ዘመኑ ደርሶ ቆቡን በተቀበለች ዕለት፥ የኔታ በድካማቸው ምክንያት የጸሎቱን ቃል ሲያረዝሙት፥ እማሆይ ብሥራት ከኋላዋ ቆመው፥ ለሹክሹክታ እጅግ በጎላ ድምፅ፥ «ሐንዬ፥ ባላይሽም አምሮብሻል፤ ግን ቀና በዪ!» አሉ። ማኅበሩ ፈገግ አለ። ወለተ ሐና ቀና አለች፤ ልቧም ከቆመበት አልተነዋወጠም፤ የገዛ ሁከቷን ያስቀመጠች ነፍስ የወዳጇን ቃል ከጎርፍ መካከል ለይታ ትሰማለችና፥ ከሰማችውም በኋላ ጸጥታዋ ይሰፋል እንጂ አይጎድልም።