በጭራ የታረሰ መሬት

የአራቱ ግቢዎች ፌስቲቫል ድምፅ ማጉያ አይፈቅድም። ደንቡን ያወጣው አስተባባሪው ከይረዲን ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በእግር ስለሚኬድ፣ አንዱ ካጮኸ የሌላው አይሰማም። ስለዚህ በዚያ ዐርብ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ጅቡቲ ውስጥ ሙዚቃ መስማት የፈለገ ሰው ቀርቦ መቀመጥ ነበረበት። መግቢያው በነጻ ነው፤ ያልጣመው ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ግቢ ይሄዳል። የአንድ ግቢ ክብር የሚታወቀው ወንበሩ ላይ በቀረው ሰው ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከትርሲት ጋር ዞርን። ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር፣ አፋሮቹ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። ከሩቅ ስሰማ አንድ ሰው ብቻ የሚያጨበጭብ መስሎኝ ነበር፤ ቀርቤ ሳይ ሰልፉ በሙሉ ነው። ማንም ለማንም ምልክት አይሰጥም፤ ሲያቆሙ ግን እኩል ያቆማሉ። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ሶማሌው ዑድ ተጫዋች ክሮቹን ሲቃኝ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሰዉ ዘፈኑ እስኪጀመር አልጠበቀም፤ ለቅኝቱም አጨበጨበለት። ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ ደግሞ የመኖቹ ከበሮአቸውን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ቆዳው እስኪወጠር በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ይጠብቃሉ። አንዳቸውም አይቸኩሉም። ለዓመታት በሰፈራቸው ሳልፍ ኖሬ፣ ይህን ያህል እንደሚችሉ ያወቅሁት ገና ያን ቀን ነው።

ትርሲት ራስ ዲካ ካለ የፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ትቆማለች። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም፤ ሆኖም ዓይን አፋርነት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

በመጪው ጥር ጎሳዬ የሚባል መካኒክ ልታገባ ነው። ጎሳዬን ያሳደጉት አክስቱ እማማ አበዛሽ ናቸው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ከድሮው ጣቢያ አጠገብ ያለውን ሰፊ ግቢ የወረሱት ከእሳቸው ነው፤ የፌስቲቫሉ አራተኛ ግቢም ይኸው ነው። እማማ አበዛሽ አዝማሪ ሲወዱ ለጉድ ነው። በወጣትነታቸው አዝማሪ በባቡር ከድሬዳዋ ሲመጣ፣ ግጥም በመስጠት የሚስተካከላቸው አልነበረም ይባላል። ግን ፍቅራቸው በር ላይ ይቆማል። "አዝማሪ ለጆሮዬ እንጂ ለዘሬ አይሆንም" ይላሉ። ትርሲት እጮኛ ሆና የመጣች ዕለት የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የገበሬ ልጅ ነኝ።"

"እንግዲያው እሰየው" አሉ፤ ሠርጉም በዚህ ጸደቀ።

ወደ ግቢያቸው ስንደርስ ፀሐይዋ ከጣቢያው ጣራ በላይ ዘቅዘቅ ብላለች። ማሲንቆ መቺው ባንቲሁንና ሚስቱ በለጡ በጠዋቱ ባቡር ከድሬዳዋ ገብተዋል። ባንቲሁን ይመታል፣ በለጡ ትዘፍናለች፤ ልማዳቸው ይህ ነው። በለጡ ግን አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ ከበሮ ይዛ ተቀምጣለች።

"ምን ሆናብህ ነው?" አሉ እማማ አበዛሽ።

"ድምፅዋ ተዘጋ እማማ። የባቡሩ ማቀዝቀዣ ነው።"

"ወይ ጉድ! በእኛ ጊዜ ባቡሩ ሰው ይቀቅል ነበር እንጂ ድምፅ አይዘጋም ነበር።"

ሰው ሳቀ። በለጡ ጉሮሮዋን አሳይታ በእጇ ይቅርታ ጠየቀች። ባንቲሁን ጀመረ።

የማሲንቆ አመታቱን ለመግለጽ ልሞክር። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ነው ያለው። ባንቲሁን ግን በዚያ አንድ ጭራ ላይ ጣቱን በጣም በጥቂቱ እያንሸራተተ፣ በሁለት ድምፆች መካከል ሦስተኛ ያለ እስኪመስል ያወጣዋል። አጠገቡ ለተቀመጥነው ተአምር ነበር። የራሱ ድምፅ ግን ትንሽ ነው፤ ያለ ማጉያ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ከኋላ የነበሩት ሶማሌዎችና አፋሮች በትህትና ጥቂት ጠብቀው፣ አንድ በአንድ መነሣት ጀመሩ።

"እማማ፣ ሰው እየሄደብን ነው" አለ ከይረዲን ከበሩ መጥቶ። እናቱ የሐረር ሰው ስለሆኑ አማርኛው ጥሩ ነው። "ኤ ቢያን፣ እንግዲህ ምን እናድርግ?"

"ይሂድ! ጆሮ ያለው ይቀራል" አሉ። ዓይናቸው ግን ባዶዎቹን ወንበሮች ይከተል ነበር። ጎሳዬ የተለቀቁትን ወንበሮች ያነሣ ጀመር፤ ባዶ ሆነው እንዳይታዩ።

ባንቲሁን መምቻውን ሳያቆም ወደ ሚስቱ ዘንበል አለና የሆነ ነገር ተናገረ። አዝማሪዎች ሰው ፊት የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ አማርኛ ይመስላል፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ግን አይገባውም። ከቤታቸው ውጭ ለማንም አያስተምሩትም። ስለዚህ ባለቤቱንም እንግዳውንም ፊት ለፊት ያሙታል፤ የሚሰማ የለምና።

በለጡ ሳቀች። አጠገቤ ደግሞ ትርሲት ሳቀች።

እኩል ነው የሳቁት። ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለቱ ብቻ። ትርሲት ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ግን ሳቁ ወጥቷል። ባንቲሁን ቀና አለ። እማማ አበዛሽም ዞሩ። ከእኔ ቀድመው የተረዱት እሳቸው ይመስሉኛል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዝማሪ ሲያስተናግዱ ያ ቋንቋ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

"ምን አለ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ለቅሶ ቤት የመጡ ይመስላሉ፤ ንፍሮ እስኪታደል ነው የሚጠብቁት፣ አለ" አለችኝ።  

ባንቲሁን በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥፍሯን ታያለች። ያኔ በአማርኛ ደገመው።

"የማን ልጅ ነሽ እህቴ?"

ያው የድሮው ጥያቄ ነው፤ በዚያው ግቢ፣ በእማማ አበዛሽ ፊት። "የገበሬ" ብትል ሳቁን ማንም አያነሣባትም፤ ሰው በከንቱም ይስቃል። ጎሳዬ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር እንደተሸከመ ቆሞ ያያታል።

ባንቲሁን መልስ አልጠበቀም። የአንቺሆዬን ቅኝት መግቢያ መታ፤ ዘፋኝ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጭራውን ዝም አሰኘው። በለጡ ከበሮዋን ብቻ፣ እንደ ልብ ምት፣ ቀስ አድርጋ መታች። ማንም አልገባበትም። መግቢያውን እንደገና መታ፤ ቦታውን እንደገና ባዶ ተወው። የትርሲትን አንገት እያየሁ ነበር። ቦታው በመጣ ቁጥር ጉሮሮዋ ከፍ ይልና ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም የማየው ይኸው ነበር፤ ለካ ዓይን አፋርነት አይደለም። ድምፅዋ ከወጣ ማን እንደሆነች ስለሚናገርባት፣ በግድ ይዛው ነው።

ሦስተኛ ጊዜ መግቢያው ሲመጣ ብድግ አለች።

"የአዝማሪ ወልደየሱስ ልጅ ነኝ" አለች።

"ወልደየሱስ? በግራ እጁ የሚመታው?" ባንቲሁን ከመቀመጫው ሊነሣ ምንም አልቀረው።

"እሱ ነው።"

"እንግዲያ ምን ያስቀምጥሻል!"

ገባችበት። ድምፅዋ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ በር ይመስል ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተከፈተ። አጥሩን አልፎ ሲሄድ ያወቅሁት በር ላይ የደረሱት ሰዎች ሲዞሩ ነው። ጮክ ብላ አልዘፈነችም። ቃሉን ከመጨረሷ በፊት ትንሽ ትይዘዋለች፣ ማሲንቆው ይደርስባታል፣ ከዚያ አብረው ይለቁታል። ይህን ከባንቲሁን ጋር ተለማምደውት አያውቁም። አፋሮቹ ያለ ምልክት እኩል ሲያቆሙ የተገረምኩትን ያህል ተገረምኩ።

እማማ አበዛሽ ከወንበራቸው ተነሡ። ግቢው የእሳቸው ነው፤ "በቃ" ካሉ በቃ ነው። ትርሲትን አላዩአትም፤ ፊታቸውን ወደ ባንቲሁን ብቻ አዞሩ።

"አዝማሪ፣ ተቀበል!"

አድማጭ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ውዳሴም ይሁን ስድብ፣ በራሱም ላይ ቢሆን፣ አልቀበልም ማለት አይችልም። የሙያው ሕግ ነው። እማማ አበዛሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰጡ።

"ገበሬ ነው ብላ ስትነግረን አባቷን፣
ለካ በጭራ ነው የሚያርሰው መሬቷን።"

አማርኛ የሚሰማው ሁሉ "ኧረ!" አለ። ባንቲሁን መምቻውን አቆመና ትርሲትን አያት። መዝፈን ይችል ነበር፤ ግን ግጥሙ ለእሷ የተሰጠ መሆኑን ያውቃል። ትርሲትም ጎሳዬን አየችው። ጎሳዬ ወንበሮቹን አላስቀመጠም፤ አልሄደምም።

ተቀበለች። ስድቡን አንድ ቃል ሳታጎድል፣ እንደ ውዳሴ እያሳመረች ዘፈነችው። "በጭራ ነው" የሚለው ላይ ድምፅዋን ወደ ላይ ወስዳ እዚያ አቆየችው፤ በለጡ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር የምታደርገው ጠፋት። ከዚያ መልሱን ከራሷ አወጣች፤

"እውነት ነው እማማ፣ ጭራ ነው ማረሻው፤
ግጥም ነበር ዘሩ፣ ጆሮ ነበር እርሻው።
አፍሬ ደብቄው ሳጥብ የሰው ጓዳ፣
ዛሬ እህሉ ደርሶ ተሰጣ በሜዳ።"

ግቢው ተናወጠ። ከራስ ዲካና ከካርቲዬ ሁለት የመጡት ቃሉ ባይገባቸውም ግጥም ለግጥም መመላለስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ በየራሳቸው ቋንቋ የኖሩበት ነው። አንድ ሽማግሌ በሶማልኛ ከይረዲንን ጠየቁት፤ እሱም ለእኔ ተረጎመልኝ።

"ሁለቱ ሴቶች ተጣልተዋል ወይ ነው የሚሉት።"

"ምን አልካቸው?"

"ገና አልለየለትም አልኳቸው።"

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር ሳያልቅ አይኬድም።

እማማ አበዛሽ እንደቆሙ ናቸው። ነጠላቸውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዞሩ። ለረጅም ጊዜ ግጥም የሚመልስላቸው አጥተው የኖሩ ሴት ናቸው፤ በፊታቸው ላይ ቁጣና ደስታ ሲታገሉ በግልጽ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ፊታቸውን ከባንቲሁን መልሰው ወደ ልጅቷ አዞሩ።

"ትርሲት!"

"አቤት እማማ።"

"ዋሽተሽኛል።"

"አዎ፣ ዋሽቻለሁ።"

"ይህ ለብቻው ይቆየን። አሁን ተቀበይ!"

"ይስጡኝ።"

"ጥር ላይ በሠርጋችን አዝማሪ አልጠራ፤
ራሷ ትዘፍናለች የቤቴ ሙሽራ።"

መጀመሪያ የሳቁት የኛ ሴቶች ናቸው፤ ሙሽራ በሠርጓ አንገቷን ትደፋለች እንጂ አትዘፍንማ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ነው "የቤቴ" ያሉት የገባን። ትርሲት ለመቀበል አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ግን መሀል ላይ ተሰበረ። ባንቲሁን ወዲያው ገባላት። ትንሿ ድምፁ ያን ጊዜ እስከ አጥሩ ደረሰች፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበርና።

"ኧረ ዝም አትበዪ፤ ሙያሽ ነው!" አሉ እማማ አበዛሽ። እሳቸውም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ከዚያ የሚቆጡት ሰው ፈለጉና ጎሳዬን አገኙት።

"አንተ ደግሞ! የሰው ወንበር ታቅፈህ ምን ያቆምሃል? ሰው በር ላይ ተገትሮልሃል!"

እውነታቸውን ነው። ድምፁን ተከትለው ከየግቢው የመጡት ሰዎች በሩን ሞልተውታል፤ ዑድ ተጫዋቹም መሣሪያውን በብብቱ እንደያዘ ከኋላቸው ይታያል። ጎሳዬ አንዱን ወንበር ለእሱ ዘረጋለት። ሁለተኛውን ይዞ ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ ፊት ሄደና፣ ከባንቲሁንና ከበለጡ መካከል፣ ትርሲት ከቆመችበት አጠገብ አስቀመጠው። ወንበሩ እንዳይነቃነቅ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ፈተነው።

"ተቀመጪ" አላት፤ "ገና ብዙ ግጥም አላቸው።"