መሐላው ይሰረዝ

በ1975 ዓ.ም. ከባሕር ዳሩ የመምህራን ኮሌጅ ከፔዳ ተመርቄ ምደባዬን ስጠብቅ ቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎው ጸሐፊ አደረገኝ። ሥራው ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ ያማረረኝ ግን የሰዉ መሐላ ነበር። አንዱ «ዶሮዬ ጠፋች» ለማለት ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን ይጠራል፤ ወደ ዶሮዋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊቀ መንበሩ ጓድ አስማማው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ፊት ግን ማንም አያነሳውም። እንደተመረጠ ያወጣው ደንብ «እዚህ በፈጣሪ ስም አይማልም» የሚል ነበር። የተባለው ሁሉ ይጻፍ ስለሚል መሐላውን እጽፋለሁ፤ «መሐላው ይሰረዝ» ሲል ደግሞ እሰርዛለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሸዋዬ ቀረበች። አጥር ላይ ያሰጣችው አዲስ ባለ ጥለት ነጠላ ጠፍቶባት ጎረቤቷን ዘይነትን ከሳለች። ዘይነት በወሩ ልጇን ልትድር የተዘጋጀች ሴት ናት። ከተፈረደባት ቅጣቱ ሦስት ቀን የሰፈሩን ቦይ መጥረግ ነው። እሱስ ያልፋል፤ የሌባ ልጅ የተባለችን ሙሽራ ግን ማን ይወስዳታል? ዘይነት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች።

ሸዋዬ፣ አጥሩ ዘንድ ያየኋት እሷን ብቻ ነው ብላ ታቦት ሳይቀራት ማለች። ዘይነት ወላሂ አለች። ሁለቱንም ጻፍሁ፣ ሁለቱንም ሰረዝሁ። አንድ ምስክር ቀረ፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት እትዬ ወለተ ኪዳን።

እትዬ ወለተ ኪዳን ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ሎሚ ይሸጣሉ። ድሮ አንድ ሎሚ ለመሸጥ ሦስት ታቦት የሚጠሩ ሴት ነበሩ። በዐቢይ ጾም መግቢያ የነፍስ አባታቸው መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ የፈጣሪን ስም በከንቱ ያለመጥራትን ትእዛዝ አንሥተው፣ እግዚአብሔር የሎሚ ዋስ አይደለም ሲሉ ገሠጿቸው። ከዚያ ወዲህ አይምሉም። ገዢዎች፣ ካልማሉማ ሎሚው የደረቀ ቢሆን ነው እያሉ ወደ ሌላ ሻጭ ዞሩ፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እኔ ከእሳቸው መግዛት የጀመርሁት ያኔ ነው፤ ለጽድቅ ብዬ ሳይሆን ግብይቱ ቶሎ ስለሚያልቅ።

ቀረቡና «ዘይነት አልወሰደችም» አሉ፤ በዚያው አበቁ።

ሸዋዬ ተነሣች። «እትዬ ይማሉና እንመናቸው። የማይምል ሰው የደበቀው ነገር አለ።»

ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ።

«አልምልም» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን።

ጓድ አስማማው ደስ አለው። «አያችሁ? የነቁ እናት ማለት እኒህ ናቸው።»

«ኧረ እኔ አልነቃሁም ልጄ። የነፍስ አባቴ ከልክለውኝ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ጓድ አስማማው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ታዲያ በምን እንመንዎት ሲል ጠየቀ። እትዬ ወለተ ኪዳን ዘይነትን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት አዩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎረቤት ሲሸሹ፣ እኔን እንኳ ሲያዩ መንገድ ሲቀይሩ ሰንብተዋል፤ ምክንያቱ የገባኝ ገና ያኔ ነው። ከጉያቸው አንድ የታኘከ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የነጠላው ጥለት ነበር።

«ፍየሌ በላችው» አሉ። «ከአፏ ያስጣልሁት ይቺን ብቻ ነው። ፍየሏን ይወስዱብኛል ብዬ ዝም አልሁ። እንዳልዋሽ ከሰው ሸሸሁ፤ ዝም ማለቴ ለካ እሷን መክሰስ ኖሯል። ዘይነት ሌባ ከምትባል ፍየሏ ትሂድ።»

«እውነት ማርያምን?» አለ ጓድ አስማማው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

ብዕሬን አነሣሁና «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይቺስ ትሰረዝ?» አልሁት።

መጀመሪያ የሳቀችው ዘይነት ናት፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ጓድ አስማማው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠራረገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትሰረዝ» አለ።

ሸዋዬ ዘይነትን ይቅርታ ጠየቀች። ፍየሏን ውሰጂ ስትባል ግን፣ ቀሚሴንም ላስበላት ነው ወይ ብላ እንቢ አለች፤ ገመድ ብቻ ይግዙላት አለች። ዘይነት በበኩሏ የሠርጉን ሎሚ በሙሉ ከእትዬ ወለተ ኪዳን አዘዘች። ዋጋውን ጠየቀች፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ነገሯት፣ እሷም አንድ ጊዜ ሰምታ ሄደች።