ቁልቁለት ላይ የጋለው መኪና

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ ምንድን ነው የከተትሽው?»

አክስቷ ከኋላዋ ቆማለች። ልጅቷ አልዞረችም። በአንድ እጇ ሽቦ የታሰረበት የናስ ቁራጭ የሚፈላው ውሃ ውስጥ አንጠልጥላለች፤ በሌላው እጇ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ይዛለች። ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ነው።

«ሴንሰር ነው።»

«የምን?»

«የአባዬ መኪና። የሞተሩን ሙቀት ለክቶ ዳሽቦርዱ ላይ ላለው ጌጅ የሚናገረው ይሄ ነው። ውሃው ሲሞቅ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ካልወረደ ተበላሽቷል።»

«እና ለለቀስተኛው ሻይ በምናፈላበት? ኧረ አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ! ሳሎን ሙሉ ሰው የናፍጣ ሻይ ልታጠጪ ነው?»

«ሌላ ማንቆርቆሪያ አጣሁ።»

«አደብም አጥተሻል።»

ይሄ እንኳ ሐሰት አይደለም። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠችበት ጊዜ ቢደመር አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጨርስም። ትነሳለች፣ ግቢ ትወጣለች፣ መኪናውን ዞራ ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ሊያጽናናት የመጣ ሰው ሁለቴ ባዶ ወንበር አጽናንቶ ሄዷል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ገና ተማሪ ሳለች፣ ሽቦ ከእጇ ስለማይጠፋም ስለ ቅጥነቷም አባቷ «ሽቦ» አላት፤ ከዚያ ወዲህ በትክክለኛ ስሟ የጠራት ቢኖር የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው፣ እሱም ሊያባርራት ሲል።

ቁጥሩ ወረደ። እያየችው፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ደንቡ ወረደ። ሴንሰሩ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ይህን ሴንሰር የአባቷ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ የገጠመችው እሷ ናት። በሳምንቱ አባቷ አንድ ዳገት ላይ «የጌጁ መርፌ ቀይ ገባ» ብሎ ቆመ፤ ወረደ፣ ያንን እንደ ቤት በር የከበደ የሞተር ኮፈን አነሳ፣ እዚያው ተደፍቶ ቀረ። ረዳቱ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ የራዲያተሩ ውሃ ጭራሽ አልፈላም ነበር። እንግዲህ መርፌው ዋሽቷል። መርፌው ከዋሸ ደግሞ... ሳሎን ውስጥ ይህችን የሚጨርስ ሰው አልጠፋም።

«በከንቱ ወርዶ፣ በዚያ ፀሐይ...»

«አዲሱን ዕቃ ማን ነው ያስገባው?»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች።»

ሰምታለች። እናቷም ሰምታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ልጇን ቀና ብላ አላየቻትም። ሽቦን መቀመጫ የነሳት ይሄ ነው።

አክስቷ ውሃውን እያጉረመረመች ስትደፋ እሷ ሴንሰሩን ኪሷ ከትታ ወጣች።

አባቷን ሰፈሩ «ጋሽ ቀደዳ» ነበር የሚለው፣ ያውም ፊት ለፊቱ፤ እሱም አቤት ይላል። አንድ ጊዜ በረሃ ሲያቋርጥ ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ መርፌው ቀዩን አልፎ፣ ዙሩን ጨርሶ፣ እንደገና ከቀዝቃዛ ጀመረ ብሏል። በዚያው ጉዞ ራዲያተሩ ሲፈላ ከላይ የጫናቸው ሃያ ሁለት ወንዶች ጺማቸውን ተላጩበት።

«ሴቶቹስ?» ብላው ነበር፣ ያኔ ልጅ ሆና።

«እነሱማ ልብስ አጠቡ። ኮፈኑ ላይ ተኮሱትና ሄድን።»

አምና ግን በር ላይ ቆሞ ደረቱን ሲይዝ አይታው አልሳቀችም። «አባዬ፣ ወጋኝ ያልክ ቀን ቁልፉን እቀማሃለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።»

«ደረቴን? እኔ ደረት ላይ መኪና ቢወጣ መኪናው ነው ጋራዥ የሚገባው!»

ግቢው ውስጥ ረዳቱ የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀምጧል። መኪናውን ከዳገቱ ነድቶ ያመጣው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ከመቀመጥ ሌላ የሚሠራው አልተገኘለትም። ሽቦ ጋቢና ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩን አላስነሳችም። መርፌው ብድግ ብሎ ቀይ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ የሴንሰሩ ሽቦ ምን ነክቷል?»

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየ። «ምንም። አየር ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ሴንሰሩ ኪሴ ውስጥ። ታዲያ ለዚህ ጌጅ ጋለ ብሎ የነገረው ማን ነው?»

«ሐዘን ይሆናላ» አለ ረዳቱ። ከጋሽ ቀደዳ ጋር ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ትንሽ ተጋብቶበታል።

ሽቦ ግንባሯን መታች። ሽቦውን ነቅሎ ጌጁን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም ጀማሪ ከዚያ ነው የሚጀምረው። እሷ ግን የጀመረችው ከራሷ ጥፋት ነበር። ጫፉ አየር ላይ ሆኖ መርፌው ቀይ ካለ፣ ሽቦው መሀል መንገድ ላይ ብረት ነክቷል ማለት ነው። በጀርባዋ ተንጋልላ ዳሽቦርዱ ሥር ገባች።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለ ረዳቱ ከውጭ። «ይሄ መኪና ጠባዩ ከጠፋብኝ ቆየ። ሲሚንቶ ጭኖ ይግላል፣ እሺ። ባዶውንም ይግላል። ባለፈው ወር ቁልቁለት ላይ ጋለ።»

«ቁልቁለት ላይ?»

«ሞተር አጥፍተሽ ብትለቂው በሚወርድበት! ሳቅሁ። አባትሽ እቴ፣ እዚህ መወጣጫው ላይ ተቀምጦ ወሬውን ጀመረ። እስኪበርድ አንድ ወሬ፣ እንደ ልማዱ። ዘንድሮማ ወሬው ረዘመብኝ። መሀል ላይ ያቋርጥና መንገዱን ያያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ ውሸት እየፈለገ መስሎኝ።»

የሽቦ እጅ ቆመ።

ከጌጁ ጀርባ እሷ ያላስገባችው አረንጓዴ ሽቦ ተቀጥሏል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ቴፕ እንደ ቁስል ፋሻ ተጠምጥሟል፤ ባለሙያ እንዲህ አይጠቀልልም። ሽቦውን በጣቷ ተከተለችው። ምንጣፉ ሥር ገባ፣ በሾፌሩ መቀመጫ ግራ በኩል ወጣ፣ የሾፌር እጅ ሰው ሳያይ የሚደርስበት ቦታ ላይ አንድ የመኝታ ቤት መብራት ማብሪያ ውስጥ ገባ። የማብሪያው ሌላ ጫፍ በመቀመጫው ብሎን ታስሯል። ብረት ነካ፣ መርፌው ቀይ ገባ፤ ይኸው ነው።

ማብሪያው እንደበራ ነው።

አጠፋችው። መርፌው ወረደ። አበራችው። ወጣ።

ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አየ፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። «ይሄ ውሸታም!» አለና በሳቅ ፈነዳ። «ስንት ጄሪካን ውሃ አሸከመኝ! ላልጠማው መኪና!» ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ተቋረጠ። «ማረፍ ፈልጎ ነው እንዴ? ደረቱን አሞት?»

ሽቦ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ወሬው የረዘመው ትንፋሹ ስላጠረ ነበር።

ሳሎን ስትገባ ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «እህ» አለች አክስቷ፣ «የቀቀልሽው ብረት ምን አለሽ?»

አፏ ላይ መጥቶ ነበር። እኔ አይደለሁም፣ ታሞ ደብቆን ነው ብትል በአንድ ትንፋሽ ነጻ ትወጣለች። እሱ ግን ያንን ሁሉ ሽቦ የጎተተው ታሟል እንዳይባል ነው።

«እማዬ፣ አንዴ ነይልኝ።»

«የት? ሐዘንተኛ እኮ ናት!» አሉ ሴቶቹ።

እናቷ ተነሳች። ጋቢና ስትወጣ ረዳቱ ደገፋት። ሽቦ ማብሪያውን አሳየቻት፣ አጥፍታ አበራችላት፣ የተገኘውም እንደበራ መሆኑን ነገረቻት።

«እኔን ፈርቶ ነው» አለች ሽቦ። «ቁልፉን እቀማሃለሁ ብዬው ነበር።»

«እኔ ጋ ደግሞ ደረጃው ላይ እየቆመ ጫማውን ያስር ነበር።»

«የቱን ጫማ?»

«ቡናማውን።»

«እሱ ማሰሪያ የለውም እኮ።»

«የለውም» አለች እናቷ። «እኔ ከላይ ቆሜ እስቅበታለሁ። ሽማግሌው ጃጀ እላለሁ።»

አክስቷ ከበሩ ላይ ጮኸች። «ምን ሆኖ ነው መኪናው?»

እናቷ አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ምንም አልሆነም! ልጄ የሠራችው ደህና ነው!» የጮኸችው ለአክስትየዋ ቢሆንም ድምጿ ሳሎን ድረስ ደርሷል።

«ላጥፋው?» አለች ሽቦ።

«ቆይ።»

እናቷ የሻሿን ጫፍ ይዛ የጌጁን መስታወት ጠረገች፤ የዓመት አቧራ ነው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ ትክ ብላ አየቻት።

«ይሄን ፊት ይዘሽ ነው ሰው ፊት ስትመላለሽ የሰነበትሽው?»

አገጯን ይዛ በዚያው የሻሽ ጫፍ ጉንጯን ትጠርግላት ጀመር። አቧራው ጉንጯ ላይ ከነበረው የሞተር ቅባት ጋር ተለወሰ፣ ጥቁሩ እስከ ጆሮዋ ሰፋ። ሽቦ ፊቷን አላሸሸችም። እናቷም እያባሰች እንደሆነ እያየች፣ ቀስ ብላ መጥረጓን ቀጠለች።