ሁለቴ ደውሎ መዝጋት

እዚህ ዓረብ አገር የስደተኞች ማኅበራችን ኮሚቴ በየጁምዓው ጉለይል ሰፈር፣ ሐጂ ዑስማን ቤት ይሰበሰባል። ስድስት ወንዶችና እኔ ነን። እኔ የተመረጥኩት አሥራ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ስለሠራሁ እንጂ ስለተማርኩ አይደለም፤ ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል።

ቤት ሠራተኞች ሲጨንቃቸው የሚደውሉበት ቁጥር አለን። በኮምፒውተር የሚከታተለው ሐሩን ነው። በየስብሰባው ስክሪኑን ያዞርልንና ይኸን ያህል ጥሪ መጣ፣ ሁሉም ተመለሰ ይለናል። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ወንዶቹ ማሻአላህ ይላሉ፤ ምን እንዳዩ ግን አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን እንደነሱ ማሻአላህ እል ነበር።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ሂክማ ቤቴ መጣች። እህቷ ሀጅራ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ በምትሠራበት ቤት በር ተቆልፎባት ታማለች። አራት ቀን ደውላልን ማንም አልደረሰላትም።

ስብሰባው ላይ ሐሩንን ጠየቅኩት። ቁጥሯን ፈለገ፤ የለም አለ። ሐጂም ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል፣ ማሽን አይዋሽም አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ በስልኬ ማኅበሩ ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሁለቴ አስጮህኩና ዘጋሁት።

«በል ሐሩን፣ አሁን እኔን ፈልገኝ።»

ስክሪኑ ላይ የለሁም። ሐሩን አንገቱን አከከ። ኮምፒውተሩ ከአምስት ሰከንድ ያነሰውን ጥሪ በስህተት የተደወለ ነው ብሎ እንዲጥል ያደረገው እሱ ነው።

«ማዳም አጠገቧ ቆማ ማን ያወራል? ሁለቴ አስጩኸን እንዘጋለን፤ የሰው ቤት ስልክ እንዲህ ነው። አንተ የቆጠርክልን ማውራት የቻሉትን ብቻ ነው» አልኩት።

የተጣሉትን ጥሪዎች ከፈታቸው። የሀጅራ ቁጥር አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ዛሂር ለሚኖረው የማኅበራችን አባል ለአብዱልረሕማን ወዲያው ደወልን። ጎረቤት ይዞ በሩን አንኳኳ፤ አሠሪዋ ከፊልም ሰው ሲያይ አፍሮ ሆስፒታል ወሰዳት። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።

በማግስቱ የሩዝ ካርቶን ቀድጄ ሂክማን መስመር አስመታኋት። ስንት ሴት ደወለች፣ በስንት ሰዓት ደረስንላት፣ ወጣች ወይስ አልወጣችም። የደረስንላት አረንጓዴ፣ ያልደረስንላት ቀይ። ከታች «ኮሚቴ» ብዬ አንድ ረድፍ ጨመርኩና ቀይ ቀባሁት። ለስብሰባ ስንገናኝ ሐጂ ሳሎን ግድግዳ ላይ በምስማር መታሁት። ከእንግዲህ ስክሪኑ ከመከፈቱ በፊት እሱ ይነበባል አልኩ። ሐሩን እንኳ እሺ አለ።

ሐጂ ግን ተቆጡ። ልጅቷ ወጥታለች፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ይነቀል አሉ።

«በገዛ ቤቴ፣ እንግዳ ፊት በቀይ ትጽፊኛለሽ፣ ረሒማ?»

«አራት ቀን የተኛነው ሰባታችንም ነን፣ ሐጂ። ቀዩ የኔም ነው። ቤትዎ ካልሆነ ካራንቲና ሰፈር፣ እኔ ክፍል እንሰብሰብ፤ ጠባብ ናት፣ ቆመን እናነበዋለን።»



በሚቀጥለው ጁምዓ ስመጣ ካርቶኑ አልተነቀለም። ቀዩን ረድፍ ግን ሐጂ ሶፋ አስጠግተው ሸፍነውታል።

ሶፋውን ገፋሁት።