ወፎቹ የሚያውቁት እንግሊዝኛ

ምራቴን ዙፋንን ከይፋግ ሳመጣት አባቷ አዛናው በሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። በሬ አልቆጠረ፣ ጥሎሽ አላበዛ። «ልጄ ትምህርቷን አታቋርጥም ወይ?» አለ።

«አታቋርጥም» አልኩት።

«ቃልሽ ነው?»

«እኔ ሁለት አፍ የለኝም፣ አዛናው።»

ልጄ የኔነህ ከጎኔ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። እሱን ማን ጠየቀው! ቃሉን የሰጠሁት እኔ ድንቅነሽ ነኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያፈርኩበት ቀንም የለም። ወረታ ገበያ ላይ በሚዛን ያታለለኝ ነጋዴ አልተወለደም። ግን በሰው ፊት የሰጠሁትን ቃል አጥፌ አላውቅምና፣ የዙፋን ትምህርት የዙፋን ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ስም አብሮ ተቀምጦበታል።

ኢሕአዴግ ገብቶ አገሩ ትንሽ የተረጋጋበት ዘመን ነው። ዙፋን ከእኛ ቤት ወረታ እየተመላለሰች አሥረኛን ጨረሰች፤ ከዚያ ልዕልትን አረገዘች። ልጅቱ ተወለደች፣ ክረምቱ የርብን ወንዝ ሞላው፣ ውሃው ሜዳውን ዋጠው፣ ወረታ መሄድ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሕፃኗ ታመመች። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ልትመለስ ብትሄድ፣ መዝጋቢው ሰውዬ «ብዙ አምልጦሻል፤ በግልሽ አጥንተሽ የአሥራ ሁለተኛን መልቀቂያ ብትፈተኝ ይሻላል» ብሎ መለሳት።

«በግል ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ብቻዬን ማለት ነው፣ እሜቴ። አስተማሪ የለም። መጽሐፉ አለ፣ እኔ አለሁ።»

«ሲጠፋሽስ ማን ይነግርሻል?»

ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች። ነገሩ አልጣመኝም።

ወንድሟ ባየህ ከሐሙሲት አሮጌ መጻሕፍት በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቶ አመጣላት። ጥጋቸውን አይጥ በልቶታል። የኔነህ ጆንያውን ከአህያ ሲያወርድ «ይህን ሁሉ አንብባ ማን ልትሆን ነው?» አለ። «ካንተ የተሻለ ሰው» አልኩት፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

እኛ ቁሐር ሚካኤል ነው የምንኖረው፤ እርሻችን ሩዝ ነው። ሩዝ ያልዘራ ሰው የወፍን ነገር አያውቀውም። ጥቅምት ላይ ፍሬው ወተት ሲቋጥር ግሪሳው እንደ ደመና ይወርዳል፤ አንድ ቀን ማማው ላይ ሰው ካልዋለ ለሰው የሚተርፈው ገለባው ነው። ማማ የምለው በአራት ባላ ላይ የተሠራውን ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። የኔነህ የሽምብራውን መሬት ያርሳል፤ ዙፋን ጅራፏንና መጽሐፏን ይዛ ማማው ላይ ትወጣለች፤ እኔ ልዕልትን ይዤ ከሥር ጥላው ላይ እቀመጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስለቅሱ ነበሩ። ልጅቱ ታነባለች፣ ወፉ ይመጣል፣ ተነሥታ «ሃይ! ሃይ!» ትላለች፣ ጅራፉን ታጮኻለች፤ ተመልሳ ስትቀመጥ የያዘችው ነገር ከራሷ በኗል። «ጠፋኝ! እንደገና ጠፋኝ!» እያለች መጽሐፉን በጥፊ ትመታዋለች።

«አንች ሞኝ!» አልኳት ከሥር። «ወፉ የሚፈራው ድምፅሽን እኮ ነው። ሃይ ያልሽው ምኑ ነው? የያዝሽውን ቃል ጩኺበት!»

ሳቀች። ወዲያው ግን ቆመችና ሜዳው እስኪያስተጋባ «ፕላቴያው! ከፍ ብሎ የተንጣለለ መሬት!» ብላ ጅራፉን ጧ አደረገችው። ወፉ ብር አለ። ቃሉ ግን ከራሷ አልበረረም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሆነ። የወንዙን ስም፣ የበሽታውን ስም፣ የነገሥታቱን ዘመን፣ የሒሳቡን ሕግ፣ ሁሉንም በወፍ ላይ ትጮኻለች። ምሳ ስንበላ ደግሞ እኔ ነበርኩ ፈታኟ። እኔን ካላስረዳችኝ አላሳልፋትም። ዝናብ ከጣና የሚነሣ ውሃ ነው ስትለኝ «ሲነሣ ያየው ማን ነው?» አልኳት። ማታውኑ ድስት ከድና አፍልታ ክዳኑን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ጠብ ጠብ ይላል። «ይሁን» አልኩ። ከእኔ አፍ «ይሁን» ማውጣት ቀላል አይደለም።

ከእኛ አጠገብ ባለው ማማ ላይ ፈድሉ ይውላል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ አፉ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

«እት ድንቄ!» አለኝ አንድ ቀን እየጮኸ። «ምራትሽ ድግምት ተማረች ወይ? ወፉን ሁሉ ወደ እኔ ትነዳብኛለች!»

«አንተም ተማርና መልስላት!»

ተማረ እኮ! ሳይውል ሳያድር «ፕኔውሞኒያ!» እያለ ወንጭፉን ሲያዞር ሰማሁት።

«ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«የሳንባ ምች ነው አለችኝ! ይምታው እንጂ ይህን ወፍ!»

ከፈድሉ ወደ ቀጣዩ ማማ፣ ከቀጣዩ ወደ ማዶው ተላለፈ። በዚያ ዓመት ጀምበር ስትወጣ ከሜዳው የሚሰማው «ኢስላንድ!» «ፕላቴያው!» «ፕኔውሞኒያ!» ነበር። ዙፋን ከላይ ሆና ቃሎቿ ከሩቅ ሲመለሱላት ትሰማለች፤ ፊቷ ይበራል። ክፍል ያገኘች ያህል ነበር።

እንዲህ እያልን ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሰው ሁሉ ለንግሥ ወጣ፤ እኛ ግን ማማው ላይ ነበርን፤ ወፍ በዓል አያውቅማ። መምህር ደረሰ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወረታ የሚያስተምር ወጣት፣ ታቦቱን ሸኝቶ በሩዙ መሃል ባለው መንገድ ሲመለስ ፈድሉ ከላዩ ላይ «ፕላቴያው!» ብሎ ለቀቀው። ልጁ ደንግጦ ቆመ።

«ምን አሉ፣ አባባ?»

«እንግሊዝኛ ነዋ! አስተማሪ አይደለህም እንዴ? የእኛ ምሁር እዚያ ላይ አለችልህ» ብሎ ወደ ዙፋን ጠቆመው።

ልጁ መጥቶ ከማማችን ሥር ቆመ። ዙፋን መጽሐፉን ገልጣ ቃሉን አሳየችው። አየውና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ፕላቶ ነው የሚባለው! ፕላቶ!»

«መጨረሻው ላይ ሌላም ፊደል አለው እኮ» አለች።

«አይነበብም።»

«ኢስላንድስ?»

«አይላንድ። መሃል ላይ ያለው ኤስ አይነበብም።»

«ፕኔውሞኒያ?»

«ኒሞኒያ። ፒውም አይነበብም። ውይ እህቴ፣ ማነው ያስተማረሽ?»

«ማንም» አለች ዙፋን።

ሳቁ ቆመ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የተናገረው ምን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ ደህና ዋሉ ብሎን ቶሎ ሄደ። ጥፋቱ ግን ደርሷል።

እኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ይህ ነው። ቄሱ ዳዊት ሲደግሙ የሚዘልሉት ፊደል ሰምቼ አላውቅም። በእኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ይጠራል። ዙፋንም እንግሊዝኛውን ያነበበችው እንደዚያው፣ አንዱንም ሳታስቀር ነው። ጽፈው ጽፈው ሲያነቡት የሚውጡት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ለማያነቡት ፊደል ቀለም የሚያባክኑት ለምንድን ነው?

በማግስቱ ዙፋን ማማው ላይ ወጣች። መጽሐፉ ግን ቤት ቀረ። ወፉ ሲመጣ ጅራፉን ታነሣለች፤ ድምፅ የለም። ጅራፍ ብቻውን ወፉን ከዳር ወደ መሃል አዛወረው እንጂ አላባረረውም። ፈድሉም አፍሮ ዝም አለ። ሜዳው ለቅሶ ቤት መሰለ።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ተዉኝ፣ እሜቴ።»

«አልተውም።»

ወርዳ ከአጠገቤ ተቀመጠች። «ስሙን እንኳ እንዲህ ካጠፋሁት ውስጡን ምን ያህል አጥፍቼው ይሆን? ክፍል ያለ ልጅ ሲሳሳት ይታረማል። እኔ ተሳስቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? መሳሳቴን እንኳ የሚነግረኝ የለም። ስህተቴን ነው እኮ ጮክ ብዬ ሳጠና የከረምኩት። አልፈተንም።»

ልጅቱ ያለችው እውነት ነው፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገድ መሳቱን የሚያውቀው ገደሉ ላይ ሲደርስ ነው። ደግሞም እኔ ነበርኩ ጩኺ ያልኳት።

ለገበያ ወረታ ስወርድ መምህር ደረሰን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ና ወዲህ» አልኩት። «ፈተናው ላይ ያናግሯታል?»

«ማንን፣ እናቴ? … አዎ፣ አስታወስኩ። የለም፣ አያናግሯትም። ጥያቄውን አንብባ ትክክለኛውን መልስ መርጣ በእርሳስ ማጥቆር ነው።»

«ወረቀቱ ጆሮ የለውማ?»

ፈገግ አለ። «የለውም።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

ልጁ ቀላ። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ላስረዳት አለኝ። አልመጣም። አልተቀየምኩትም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እኔም ይመጣል ብዬ አልነበረም የሄድኩት። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ።

በማግስቱ ልዕልትን ለእናቷ ሰጠሁና ማማው ላይ ራሴ ወጣሁ። ጉልበቴ ሲጮህ ወፉ ሳይፈራ አልቀረም።

«እሜቴ፣ ይወድቃሉ! ይውረዱ!»

አልሰማኋትም። ነጠላዬን አደግድጌ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ፦ «ኢስላንድ!»

ፈድሉ ከማማው ብድግ አለ። «አንችም ተማርሽ ወይ፣ እት ድንቄ? ምንድን ነው እሱ?»

«የበሬ በሽታ ነው!»

«የለም፣ የለም! የወፍ ዓይነት መሰለኝ!»

«ዝም በል! የበሬ በሽታ ነው፣ ምላሱን የሚያቆስለው!»

ወደ ታች አየሁ። ዙፋን ልጇን እያጠባች ከንፈሯን ነክሳለች። እንደገና ጮኽኩ፦ «ኢስላንድ! ምላስ የሚያቆስል!»

«አይደለም!» አለች መቻል አቅቷት። «በውሃ የተከበበ መሬት ነው!»

«ምን የሚመስል?»

«እንደ… እንደ ቤታችን! ክረምት ውሃው በአራቱም በኩል ዞሮት እኛ መሃል ላይ ስንቀር፣ እንደዚያ!»

እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቁልቁል አየኋት። «ይህን መጽሐፉ ላይ ነው ያገኘሽው?»

«አይ፤ ቤታችንን መጽሐፉ አያውቀውም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

ልጇን ከጡቷ ነጥላ ቀና አለች። ይህኛው ጣመኝ። ስሙን ያጣመመችው ልጅ ነገሩን በልኩ አግኝታዋለች፤ የሚታረም ካለም ማረሚያው እሱ ነበር። ነገሩን በራሷ ቃል፣ በምታውቀው አገር ካመጣችው ትክክል ናት፤ ካቃታት ተመልሳ ታነባለች። እኔ በዚህ መልክ አልነገርኳትም፤ «ነይ ውጪ፣ ጉልበቴ ሞተ» ነው ያልኳት። ወደ ቤት ሮጣ መጽሐፏን ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ብቻ ጮኻ አታልፍም፤ ምን እንደሚመስል አብራ ትጮኻለች። እኛ የማናውቀው ነገር ከሆነ ፈድሉ «አልገባኝም!» ይላል፤ እሷም ገጹን መልሳ ትገልጣለች። አንዳንዱ እኛንም እሷንም እንዳቃተን ቀረ። እሱንስ አልዋሽም።

ሩዙ ታጨደ፣ ማማው ፈረሰ፣ ጥናቱ ወደ ጓሮ ገባ። የፈተናው ቀን ልዕልትን አዝዬ እስከ ወረታ ሸኘኋት፤ ከአጥሩ ውጭ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ልጇን ተቀብላ አጠባች። እኔም አልጠየቅኋት። አፌን የዘጋሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው፤ እስከ ቁሐር ምላሴን እንደነከስኩ ሄድኩ።

ውጤቱ የመጣው ውሃው ሜዳውን በሞላበት ሰሞን ነው። የኔነህ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሄዶ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ቆቡ ውስጥ ከትቶ አመጣው። ዙፋን አነበበችው፤ ደጋግማ አነበበችው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አይደለም። የመምህራን ማሠልጠኛ ግን ያስገባል። ከሁሉ ያነሰችበት እንግሊዝኛው ነው፤ ከሁሉ የበለጠችበት ጂኦግራፊው።

«ልጅቱስ?» አለ የኔነህ።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አልኩት።

ውሃው ሲጎድል አዛናው ከይፋግ መጣ። ጠላውን ይዞ «ዩኒቨርሲቲ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ቃሌ ምን ነበር?»

«አታቋርጥም።»

«አቋረጠች?»

«አላቋረጠችም።»

«እንግዲያው ጠጣ።»

ጠጣ።

በዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ዙፋን ከማሠልጠኛው ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ጸጉሯን በከተማ አሠራር ተሠርታለች። ልዕልትን አቅፋ ስማ ስማ ካበቃች በኋላ ማማው ላይ ወጣች። ግሪሳው ሲወርድ ቆማ «ፕላቶ!» አለች፤ ልክ እንደዚያ አስተማሪ አድርጋ። ወፉ አልተነሣም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ተነሥቷል።

ፈድሉ ግን ከማማው ብድግ ብሎ ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ። «እት ድንቄ! ያች ማናት? የእኛ ሰው አይደለችም!»

ዙፋን ቁልቁል አየችኝ። ትንፋሿን ሳበችና ሁሉንም ፊደል፣ አንዱንም ሳታስቀር «ፕላቴያው!» አለች። ከፈድሉ ማማ፣ ከዚያም ከቀጣዩ፣ ከዚያም ከማዶው መለሱላት።