የቅዳሜው ማሽን

ኮምፒውተር ጠጋኙ ላፕቶፑን ያወቀው ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ነው። ክዳኑ ጥግ ላይ ያለችው ስንጥቅ የራሱ የእጅ ሥራ ናት፤ ከስምንት ዓመት በፊት፣ የቀድሞ ሚስቱ ገና ሚስቱ ሳለች፣ ማራገቢያውን ሊያጸዳ ፈትቶ ሲገጥመው የሰነጠቃት። ሲለያዩ ላፕቶፑን እሷ ወሰደች። እሱም ደብዳቤ ከመጻፍ ለማያልፍ ዕቃ ምን አከራከረኝ ብሎ ለቀቀላት። አሁን ያ የተናቀ ዕቃ በሌላ ሰው ሳሎን፣ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብሎ፣ ከእሱ ማሽን በቀር የሚያሳየው ያለ የማይመስለውን የጌም ተራራ መንገድ ከነጭጋጉ፣ ከነጭቃው ወለል አድርጎ እያሳየ ነበር።

«አባዬ!» አለች ልጁ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ና እየው እስቲ! በዚህ አሮጌ ላፕቶፕ እኮ ነው!»

«አየሁት» አለ።

ከጎኗ የእናቷ አዲስ ባል ተቀምጧል። የመንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግጭት ሲጠብቅ የሚውል፣ ግን አንድም ቀን ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ይህን ሰው ባለጌ ሆኖ ቢያገኘው እንዴት በወደደ! ባለጌን መጥላት ቀላል ነው። አስተማሪው ግን ቦታውን ለቆለት፣ ትራስ አመቻችቶለት፣ «ግባ ወንድሜ፣ ቤትህ ነው» አለው። ቤቱ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ሐሙስ ዕለት በስልክ ነው። የልጅቷ እናት ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስትደውልም መድኃኒት እንደምታዝ ሰው ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነው የምትናገረው። አስተማሪው ለልጅቷ አንድ ነገር አስገብቶላታል አለችው፤ ጌሙ የሚሠራው የሆነ ሩቅ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ እነሱ ቤት በኢንተርኔት የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው፣ በየወሩ ይከፈልበታል። የመጀመሪያው ወር ነጻ ነበር፤ እሱም ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቃል።

«ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» አለችው። «መጥተህ እየውና ቁርጡን ንገረን። አያዋጣም ካልክ እናቋርጠዋለን።»

«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? ያስገባውን ሰው አትጠይቂም?»

«አንተ ብዙ ነገር ዋሽተኸኛል» አለች። «በማሽን ግን ዋሽተህ አታውቅም።»

እውነቷን ነበር። የጥገና ሱቁ ያላደገው በዚሁ ጠባዩ ነው። አዲስ ልግዛ ብሎ የመጣን ደንበኛ «ያለህ ይበቃሃል፣ አቧራውን ብቻ ላራግፍልህ» ብሎ ይመልሳል፤ ገንዘቡ ይቀርበታል፣ ስሙ ግን አለ። ከትዳሩ ፍርስራሽ በእጁ የቀረችው ንጹሕ ነገር ይህች ስም ብቻ ነበረች።

ሌላው የቀረው ቅዳሜ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በአሥራ አራት ወር አንድ አንድ ዕቃ እየለቀመ የገጣጠመው ማሽን አለ። ለግራፊክስ ካርዱ ብቻ ሁለት ክረምት በአንድ ጫማ አሳልፏል። ልጅቷ ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየመጣች፣ እሱ ካርታ እያነበበላት፣ እሷ የጭነት መኪናውን እየነዳች ያን ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ለአባቷ ስትል ብቻ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትውላለች ብሎ ራሱን አላታለለም፤ የሚያመጣት ማሽኑ ነው ብሎ ካመነ ቆይቷል። ባለፈው ቅዳሜ «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ቀረች። የዚያን ቀን ብቻውን ተቀምጦ ማሽኑን አቧራ የሌለበትን ቦታ ሁሉ ሲወለውል ዋለ። ጉንፋኑ ምን እንደነበር የገባው ሐሙስ፣ በስልኩ ነው።

«ቁጭ በልና ሞክረው» አለችው አሁን፣ ቦታ እየለቀቀችለት።

ተቀመጠ። ሲጀምር በታማኝነት ነው የጀመረው፤ ይህን ማንም ሊወስድበት አይችልም። መሪውን ወደ ግራ ሲያዝዘው በታዘዘበት ቅጽበት ታጠፈ። ምስሉ አልተቆራረጠም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ስንት እንደሚዘገይ የምትነግረውን ቁጥር ከፍቶ አያት፤ ሠላሳ ሚሊሰከንድ አልሞላችም፤ የሰው ጣት የማያውቃት መዘግየት ናት። በሆዱ አሰበ። በአንድ ግራፊክስ ካርድ ዋጋ ይህን ነገር ስድስት ዓመት መክፈል ይቻላል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ይሞላታል፣ ካርዱም ያረጃል። እርግጥ ነው፣ ክፍያው የቆመ ቀን በሩ ይዘጋል፣ በእጅ የሚቀር ነገር የለም። ኢንተርኔቱ ከሄደም ጨዋታው አብሮ ይሄዳል። ቢሆንም አሮጌ ላፕቶፕና ደህና መስመር ላለው ቤት ያዋጣል። በደንብ ያዋጣል። እንዲህ ብሎ ተነሥቶ ቢሄድ ኖሮ ቀኑ በሰላም ባለፈ ነበር።

«አንቺ ንጂ፣ እኔ ልይሽ» አላት።

ልጅቷ ጆይስቲኩን ተቀበለችው። መኪናዋ ወደ ጠመዝማዛው ልትገባ ስትል አስተማሪው ከኋላ ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሹፌሯ፣ ፍሬቻ!»

«ወይኔ፣ ረሳሁት ጋሼ!» ልጅቷ አንዲት ቁልፍ ነካች፤ ሰው በሌለበት ተራራ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ የጭነት መኪናው የቀኝ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። በስተኋላ ሰው እንዳለ ሁሉ «መስታወትሽንም እይ!» ሲላት ሳቋ እንባ እስኪያወጣ ድረስ ሆነ።

ጠጋኙ ፈገግ አለ፤ ፊቱ ላይ የወጣው እሱ ነበር። በሁለት ዓመት ቅዳሜ ውስጥ ፍሬቻ ማብራት በአንዳቸውም አእምሮ መጥቶ አያውቅም። ያ መንገድ የእሱና የልጁ ነበር፤ ይኸው አንድ የመንጃ አስተማሪ ገብቶበት የራሱን ቀልድ ተከለበት። ሹፌሯ! እሱ ከተወለደች ጀምሮ ሚጣዬ ነው የሚላት። ካርድ የገዛው እሱ፣ ጫማ ያልገዛው እሱ፣ ተራራውን ያሳያት እሱ፤ ሳቋን የወሰደው ግን ጣቱን ያላነሣው ሰውዬ ነው። ቀና። እንደዚህ አድርጎ ቀንቶ አያውቅም፤ ሰውየው የቀድሞ ሚስቱን ያገባት ቀን እንኳ እንዲህ አልተሰማውም።

«እስቲ ራውተሩን አንዴ ልየው» አለ ድንገት፣ ከመቀመጫው እየተነሣ። «መስመሩን ሳላይ ቁርጥ ነገር መናገር አልችልም።»

«ትክክል፣ ትክክል» አለ አስተማሪው። «ኮሪደሩ ላይ ነው። ስልክህን ለማገናኘት ፓስዎርዱ የሹፌሯ የልደት ቀን ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ቆሞ የልጁን የልደት ቀን ስልኩ ላይ ጻፈ። እሱም ቤት ሁሉም ነገር የሚከፈተው በዚያችው ቀን ነው። ሐኪም ቤት በር ላይ ዝናብ እየደበደበው የጠበቃትን ቀን አሁን የሰው ዋይፋይ መክፈቻ ሆና አገኛት። ወደ ራውተሩ ማስተካከያ የሚያስገባውን ፓስዎርድ የቀየረው ሰው አልነበረም፤ ከሥሩ እንደተጻፈ ነው። የተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር መጣለት፤ የእናቲቱ ስልክ፣ የአስተማሪው ስልክ፣ የልጅቷ ስልክ፣ ላፕቶፑ። በላፕቶፑ አንጻር ፍጥነቱን የሚገድብ ባዶ ሳጥን ነበር። አንዲት ትንሽ ቁጥር ጻፈበት፣ አስቀመጠ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም።

ሲመለስ ልጅቷ ቁልቁለት ላይ ነበረች። መጀመሪያ ምስሉ ደብዘዝ አለ፣ ቀጥሎ ቆም አለ። መሪውን አዘዘችው፤ መኪናው ግን የሰማት አይመስልም ነበር፣ ካለፈ በኋላ ታጠፈ። ከነጭነቱ ገደል ገባ።

«ፍሬኑ አልያዘም እንዴ?» አለ አስተማሪው ከልቡ ደንግጦ።

እንደገና ሞከረች። እንደገና ገደል። ልጅቷ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር አየቻት፤ አራት መቶ ደርሳለች። ስልኳን አውጥታ አንድ ነገር ከፈተች።

«ይኸውላችሁ» አለ ጠጋኙ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ችግሩ ይህ ነው። መስመራችሁ አንዳንዴ ደህና ይሆናል፣ ሲፈልግ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ለዚህ በየወሩ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም።»

እናቲቱ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በቃ፣ አንተ ካልክ አለቀ» አለች፤ ስልኳንም ለማውጣት ቦርሳዋን ፍለጋ ገባች። እንዲህ በአንድ ቃሉ ብቻ አምናው ካየ ስንት ዘመኑ ነው! ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

አስተማሪው አገጩን እያሻሸ ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ ኪራዩ ካላዋጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መግዛቱ ይሻላላ? ወንድሜ፣ እንደ አንተ ያለውን ማሽን እዚሁ ቤት ገጣጥምላት። ዕቃውን አንተ ምረጥ፣ ዋጋውን እኔ እችላለሁ። መኪናዬን ልቀይር ያስቀመጥኩት አለ፤ መኪናው ገና ይሄዳል። ካንተ የተሻለ የሚሠራው ደግሞ የለም ትላለች እናቷ።»

ጠጋኙ ኩም አለ። በገዛ እጁ ትንሹን በር ዘግቶ ትልቁን በረገደው። ያ ማሽን እዚህ ሳሎን ውስጥ ከገባ፣ ያውም በእሱ በራሱ እጅ ተገጣጥሞ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል አለቀላት። አይሆንም እንዳይል ምን ብሎ? እሺ እንዳይል ደግሞ በየትኛው አፉ?

«ዋጋውን... አስቤ እደውላለሁ» አለና የመሣሪያ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

«አባዬን ልሸኘው» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ።

ደረጃውን አብረው ወረዱ። ግማሽ ፎቅ እንደወረዱ ልጅቷ ቆመች።

«ስንት ላይ ነው የገደብከው?»

«ምኑን?»

«አባዬ፣ በፈጠረህ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስልኬ ላይ ሞከርኩት፣ ፈጣን ነው። የቀረው ላፕቶፑ ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ከዘገየ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

የደረጃውን ብረት ያዝ አደረገ።

«ቀንቼ ነው» አለ።

«በማን?»

«በእሱ። በፍሬቻው። በላፕቶፑም ጭምር።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «ለማሽኑ ብዬ የምመጣ መስሎህ ነው?»

«ባለፈው ቅዳሜስ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «ባለፈው ቅዳሜማ ለጌሙ ብዬ ነው የቀረሁት። ጉንፋን አልያዘኝም፣ ዋሸሁህ» አለች። «ዛሬ ግን ልመጣልህ ነበር። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ሳለ እማዬ ናት አባትሽ ራሱ ይመጣል ያለችኝ። ሱቅ ስንሆን እኮ በመሀል የሰው ኮምፒውተር ትፈታለህ፣ ብሎኑን እኔ እይዝልሃለሁ። እዚህ ማን ብሎን ያስይዘኛል?»

ጠጋኙ ሊያቅፋት ፈለገ፤ እጁን ግን ከብረቱ አላነሣም። ያቺ ልጅ ደረጃው ላይ ከእሱ አንድ እርከን ዝቅ ብላ ቆማ፣ ልክ እንደ እናቷ ቁርጥ አድርጋ ታየው ነበር።

«ገደቡን እኔ ላጠፋው እችላለሁ» አለች። «እነሱ ግን መስመሩ ነው ብለው አምነዋል። ጋሼ መኪናውን ሊቀይርበት የነበረውን ገንዘብ ሊያወጣ ነው። አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ?»

ከላይ በሩ ተከፈተ። እናቲቱ በደረጃው አጥር ላይ ብቅ አለች፤ ስልኳ በእጇ ነው፣ አውራ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ተሰናድቷል።

«አለህ እንዴ? ላቋርጠው ነው፤ አንዴ ከተጫንኩት አለቀ» አለች።

«ቆይ!» አለ።

ደረጃውን ወጣ። ስምንት እርከን ነበር፤ ስምንቱም ረጅም ሆኑበት። ልጅቷ ከኋላው ትከተለዋለች፤ ልቅደምህ አላለችም። ከሳሎኑ ውስጥ አስተማሪው «የማሽንህ ካርድ ማን ነበር የሚባለው? ልጻፈው» ይላል። እናቲቱ ጣቷን ሳታነሣ ፊቱን ታነበው ጀመር፤ በትዳራቸው የመጨረሻ ዓመታት አምሽቶ ሲገባ፣ ዛሬስ ምን ይለኝ ይሆን ብላ የምታየው አስተያየት ነበር። እስከዛሬ ማሽን ተነሥቶ በዚህ ዓይን አይታው አታውቅም።

«ምንድነው?» አለችው።

ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና «መስመራችሁ ደህና ነው፤ የገደብኩት እኔ ነኝ» አለ።