የጋሽ ሙጫ ሳል

ጋሽ ሙጫ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው፣ ጣታቸው ላይ የደረቀው ሙጫ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሙልጭ ብሎ አልለቀቀም። ስሙ አብሯቸው ጡረታ ወጣ፤ ባልደረቦቹ ግን አንድ በአንድ ተበታተኑ። ሚስታቸው ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗል። አንድ ልጃቸው ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች። እሁድ እሁድ ትደውልና "አባዬ፣ በላህ? መድኃኒትህን ዋጥክ?" ትላለች፤ ከዚያ ስልኩን ለልጆቿ ትሰጣለች፤ ልጆቹም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። የቀረውን ስድስት ቀን ጋሽ ሙጫን የሚያናግራቸው የለም።

ልባቸው ደከም ብሎ፣ የደም ግፊታቸውም አሻቅቦ ሲገኝ አንዲት ሐኪም ኢናላፕሪል የሚባል ክኒን አዘዘችላቸው። ወጣት ናት፤ ግን ስታስረዳ አትቸኩልም።

"አባባ፣ ሰውነትዎ ደም ሥርን የሚያጠብ ነገር ይሠራል። ይህ ክኒን እሱ እንዳይሠራ ያግዳል። ሥሩ ላላ ሲል ልብዎ ያርፋል።"

ጋሽ ሙጫ ወዲያው ገባቸው። ክሩን ከልክ በላይ ያጠበቀ ጠራዥ ወረቀቱን እንደሚቀደው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመራቸው። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር፣ አንዴ ከጀመረ እንባ ሳያስወጣ የማይመለስ ደረቅ ሳል ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ትን እስኪላቸው ሲያስላቸው፣ ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አለ።

ጋሽ ሙጫ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከማዶ አንዲት ሴት ከተከራየች ሰባት ወር ሆኗታል፤ የሚያውቁት ግን የቧንቧዋን ድምፅና አመሻሽ ላይ ስትወጣ የቁልፏን መንቃጨል ብቻ ነው። ታዲያ ይህቺ ሴት "አይዞዎት" ማለቷ ካልሆነ ምን ማለቷ ነው? ጣታቸውን አጥፈው እሳቸውም ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ማዶው ጠንከር ያለ አንድ ኳ መለሰ። ደስ አላቸው። ደስታቸው የልጅ ደስታ ነበር፤ ያን ዕለት ለማንም ሳይሆን ፂማቸውን ተላጩ።

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ሙጫ ከሰዓት በኋላ ሰው ያለበት ሆነ። ያስላቸዋል፣ ይንኳኳላቸዋል፣ ይመልሳሉ። ሳሉ የዘገየ ቀን ግድግዳውን እያዩ ይጠብቁታል።

በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሟ ጠየቀች። "ሳል አለብዎት? ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ካስቸገረዎት ሌላ ዓይነት አለ፤ እንቀይረዋለን።"

"ኧረ የለም!" አሉ ፈጠን ብለው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱ ያመጣበትን ስለሚደብቅ ሽማግሌ ግን አባቶች ምንም አላሉም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነገሩ ሳል ይዞ ስርቆት ሆነባቸው። ሐኪሟ ደረታቸውን ስታዳምጥ ሳሉ ፈነዳ፤ ደቂቃ ሙሉ አንዘፈዘፋቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አሁን ነው፤ እዚሁ በር ላይ ብርድ መቶኝ።"

"አባባ!"

"...ሁለት ወር" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"ታዲያ ለምን ደበቁኝ?"

ሳሌን አትውሰጂብኝ ይባላል? እሷም ኢናላፕሪሉን አስቁማ ሎሳርታን ጻፈችላቸው። "ይሄም ለግፊትዎና ለልብዎ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ግን እንደዚያኛው አያስቸግርም። ሳሉ በጥቂት ሳምንት ይተውዎታል" ብላ ሸኘቻቸው።

እንዳለችውም ተዋቸው። ግድግዳውም አብሮ ዝም አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስመስለው ሳሉ፤ የውሸት ሳላቸው ራሳቸውን አሳፈራቸው፤ መልስም አላመጣም። በማግስቱ ቀድመው አንኳኩ። ጸጥ አለ። ብቸኝነቱ ከበፊቱ ይልቅ ከበዳቸው፤ በፊት ለምደውት ነበር፤ አሁን ግን ምን እንደጎደላቸው አውቀውታል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረጃው ላይ ተገናኙ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗ የእንቅልፍ ዕዳ ያለበት ሴት ናት።

"አባባ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት! ሳልዎ ተወዎት አይደል?"

"ተወኝ፣ ልጄ።"

"ተመስገን! እኔ ሥራ ቦታ ሌሊቱን የደንበኛ ስልክ ስቀበል ነው የማድረው፤ የምተኛው ቀን ነው። እንቅልፍ አሳጥተውኝ ነበር እኮ! ይቅር ይበሉኝ፣ ዝም እንዲሉልኝ ግድግዳውን እየደበደብኩ አስቸገርኩዎት። ባለፈው ሲያንኳኩም ሰምቻለሁ፤ የተቆጡ መስሎኝ ዝም አልኩ።"

የጋሽ ሙጫ ጆሮ ጋለ። ቃሉ ከአፋቸው እንዴት እንዳመለጠ አላወቁም። "እኔ እኮ የምታጫውቺኝ መስሎኝ ነበር።"

ሴትየዋ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ታዲያ በሩ እያለ?" አለች። ከዚያ ሰዓቷን አየችና "ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው፣ አባባ!" ብላ ደረጃውን ወረደች።

ጋሽ ሙጫ ሲያስቡት አደሩ። ከበራቸው እስከ በሯ ስምንት እርምጃ ነው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ጉዳይ የሰው በር አንኳኩተው አያውቁም። ስኳር አለቀብኝ እንዳይሉ ስኳሩ ሞልቷል። አመመኝ እንዳይሉ ሐኪሟ አሽላቸዋለች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ቧንቧዋ ሲከፈት ሰሙ፤ ነቅታለች ማለት ነው። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። በሯ ፊት ሲቆሙ ያ ሳል ለአንድ አፍታ እንኳ በመጣልኝ ብለው ተመኙ፤ አልመጣም። አንኳኩ።

ሴትየዋ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ከፈተች። ስታያቸው ደነገጠች። "አባባ! ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?"

"አይ፣ ደህና ነኝ" አሉ ጋሽ ሙጫ። "ምንም አላመመኝም። እንዲያው ዝም ብዬ ነው የመጣሁት።"